መልስ፦ «ዊል» ወይስ «ጎይንግ ቱ»?

ወንድሜ፣ ወደፊት ስለሚሆን ነገር ስንናገር ስለምንጠቀምባቸው ስለ እንግሊዝኛዎቹ «ዊል» (will) እና «ጎይንግ ቱ» (going to)፣ «በአማርኛ ሁለቱም 'እሄዳለሁ' ነው፤ እንግሊዝኛው ለምን ይከፋፍለዋል?» ብለህ ጠይቀሃል። እውነት ለመናገር እኛም እንከፋፍለዋለን፣ ልብ ስለማንለው ነው እንጂ።

ዋናው ነገር መቼ ወሰንክ የሚለው ነው። ስልክ ጮኸ እንበል። «እኔ አነሳዋለሁ» ስትል እዚያው ነው የወሰንከው። ስለዚህ «አይል ጌት ኢት» ትላለህ («አይል» ማለት «አይ ዊል» ሲያጥር ነው)። እዚህ ላይ «አይም ጎይንግ ቱ» ብትል ስልኩ እንደሚደወል ቀድመህ ያወቅክ ያስመስልብሃል! ቀድሞ ለታሰበ ነገር ግን «ጎይንግ ቱ» ትክክል ነው። ምልክቱ በዓይን ሲታይም እንዲሁ፤ ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ «ኢትስ ጎይንግ ቱ ሬይን» ይባላል። ይሄ ቁርጥ የኛው «ሊዘንብ ነው» ነው። እኔን የገላገለችኝ ይህቺ አባባል ናት። «ልሄድ ነው»፣ «ሊወድቅ ነው» የምትልበት ቦታ ሁሉ ብዙ ጊዜ «ጎይንግ ቱ» ይሠራል።

ከሰው ጋር ቀጠሮ ከያዝክ «አይም ሚቲንግ ሂም ቱሞሮው» በል። የባቡር ሰዓት ደግሞ እንደ ዘወትር ድርጊት ይነገራል፦ «ዘ ትሬይን ሊቭስ አት ሲክስ»።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ «ስመጣ እደውላለሁ» ለማለት «ዌን አይ ዊል ካም» እንዳትል። «ዌን አይ ካም፣ አይል ኮል ዩ» ነው። «ዊል» የሚገባው ከመደወሉ ጋር ብቻ ነው።