ሰዓቱን ከመንገዱ ነጥላችሁ አትፍረዱበት

የተወደዳችሁ የጅማ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን በመንገድ ሥራ መሐንዲስነት አሳልፌ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ማለዳ ማለዳ ከእናንተ ኋላ ኋላ እያልሁ የጅሬንን ዳገት መውጣት አልተውሁም። ሰሞኑን ከመካከላችሁ የመጀመሪያ ማራቶናቸውን አዲስ አበባ ሮጠው የተመለሱ ልጆች፣ ካሰቡት ሰዓት እጅግ ዘግይተው በመግባታቸው «እኛ ለማራቶን አልተፈጠርንም» ሲሉ ሰማሁ። እኔም በዚያው ውድድር ሮጬ ከጠበቅሁት በላይ ከብዶኝ ስለ ጨረስሁ፣ ነገሩን በእርጋታ ላስረዳችሁ ወደድሁ። 42.195 ኪሎ ሜትር የትም ቢሮጥ ርቀቱ ያው ነው፤ ድካሙ ግን ያው አይደለም።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፣ ሰውነትም ይህን ለማካካስ ቀናት ሳይሆን ሳምንታት ያስፈልጉታል። እንግዲህ በዋዜማው ከአውቶቡስ የወረደ ሯጭ፣ ጅማ ላይ በምቾት ይዞት የነበረውን ፍጥነት እዚያ ሲይዘው ቶሎ ቶሎ ቢተነፍስና እግሩ ቢከብደው ምን ይገርማል? «ኢትዮጵያዊን ከፍታ አይነካውም» የሚሉ አሉ፤ ሳንባ ግን መታወቂያ አያይም።

በዚህ ላይ ዳገትና ቁልቁለቱ አለ። ዳገቱን ሁሉም ያማርራል፤ እኔ በሙያዬ የተዳፋት ነገር ስለማይለቀኝ ይበልጥ የታዘብሁት ቁልቁለቱን ነው። ሯጭ ቁልቁል ሲወርድ የጭኑ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደቱን ስለሚሸከም፣ ትንፋሹ ቀለል ቢለውም ጡንቻው እየተጎዳ ይሄዳል፤ ጉዳቱም የሚታወቀው ዘግይቶ፣ ሜዳ ላይ ነው። ከ30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ጀምሮ ደግሞ በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስኳር፣ ማለትም ግላይኮጅን፣ እየተሟጠጠ ይመጣል። እዚያ አካባቢ ከእናንተ አንዷ የሃይላንድ ክዳን ለመክፈት ስትታገል አየኋት፤ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት በመጨረሻ በጥርሷ ነከሰችው፣ ውኃውም ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። ይህች ልጅ በማግሥቱ «ወኔ አጣሁ» አለችኝ። ወኔማ ነበራት፤ ያለቀው ስንቋ ነው።

ሰዓት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ከራሳችን ታሪክ የሚሻል ምስክር የለም። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ማሞ ወልዴ ወርቁን ያገኘው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነው፤ ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት በ8 ደቂቃ የዘገየ። ሜክሲኮ ሲቲ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ማሞ በዚያ አየር ሁለተኛ የወጣውን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞት ነበር። በእግሩ ጉዳት የተነሣ አበበ ራሱ ያን ዕለት አቋርጦ ወጥቷል። ሰዓቱን ብቻ አይቶ ማሞን ደካማ የሚል ሰው ካለ ስለ ሩጫ ባይናገር ይሻለዋል።

ይሁን እንጂ ይህን ለስንፍና መሸፈኛ እንዳታደርጉት አደራ። በ2016 ዓ.ም. የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን መንገድ በዳገት የተሞላ ነበር፤ ታምራት ቶላ ግን በተጠባባቂነት ቆይቶ፣ በተጎዳው ሲሳይ ለማ ምትክ ሊሮጥ ገብቶ፣ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ስለዚህ ከባድ መንገድ የሚጠይቀው ሰበብ ሳይሆን ዝግጅት ነው። ከእናንተ አብዛኞቹ ረጅሙን ልምምድ በአጋሮ መንገድ ላይ፣ ለጥ ያለውን እየመረጣችሁ እንደምታደርጉት አውቃለሁና በዚህ ቅር ይለኛል፤ ጅሬን ከደጃችን እያለ ዳገት አጣን ማለት አይቻልም።

ሌላው የማሳስባችሁ የውሳኔን ጊዜ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ኒው ዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት ካቋረጠ በኋላ እዚያው ሩጫ በቃኝ ብሎ አስታወቀ፤ ቀናት ሳይቆጠሩ ግን ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ። ያን ያህል የሮጠ ሰው በድካም ስሜት እንዲህ ከወሰነ፣ የእናንተ «ለማራቶን አልተፈጠርንም» ማለት ሊያሳፍራችሁ አይገባም፤ ግን በድካም ላይ ሆናችሁ ሩጫ ለመተው አትወስኑ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሰውነታችሁን አሳርፉ፣ በእግር ተንሸራሸሩ፣ በደንብ ብሉ፣ ተኙ።

ከዚያ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ የወሰዳችሁትን ሰዓት በደብተር አስፍራችሁ ከጎኑ መንገዱ ዳገት ወይም ቁልቁለት እንደነበር፣ ፀሐዩን፣ የጠጣችሁትንና የቀመሳችሁትን ጻፉ። ፍጥነታችሁ የቀነሰው ዳገት ላይ ብቻ ከሆነና ሜዳው ላይ ከተመለሰ አቅማችሁ ደህና ነው፤ የሚቀራችሁ የዳገት ልምምድ ነው። ከ30ኛው በኋላ ሜዳውም ላይ ሳይመለስ ከቀረ ግን ጉዳዩ ወይ የአጀማመር ፍጥነት ነው ወይ የምግብ፤ ያኔ በረጅሙ ልምምድ ላይ በሶ በማር በጥብጣችሁ በየመሐሉ መጠጣትን ተለማመዱና ሆዳችሁ ይስማማው እንደሆነ እዩ። ደብተሩን ይዞ የሚመጣ ካለ ቅዳሜ ጠዋት ከልምምድ በኋላ አብረን ቁጭ ብለን እናየዋለን፤ ቡናው በእኔ ነው።