«በሰበስኩ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ክረምት ሲገባ የእርጥበት ጥያቄ ይበዛብኛል። ሰሞኑን የተጠራቀሙትን እነሆ። የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛው ፊደል ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ዝናብ ሲወርድብኝ ቆይቼ ቢሮ ገባሁና «አይ አም ሮትን» ብዬ ፈረንጁን አለቃዬን አሳቅሁት። ምን ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ አይዞህ፣ ያሳሳተህ አማርኛው ነው። እኛ የተበላሸውን ድንችም ዝናብ የመታውን ሰውም «በሰበሰ» እንላለን። ሮትን ለድንቹ ነው፤ ለሰው ሲሆን ስድብ ይሆናል። አንተ «ሶክድ» ወይም «ድሬንችድ» ነህ። ይህችን ድሬንች የምትባል ቃል እወዳታለሁ። ከ«ድሪንክ» ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ የጥንት ትርጉሟ «ማጠጣት» ነበር። ዛሬም ለከብት መድኃኒት በአፉ ሲጋት ድሬንች ይባላል። ዝናቡ ጋተኝ እንደማለት ነው እንግዲህ። አንድ ነገር ግን ጠንቀቅ በል፤ «ቬሪ ሶክድ» አያስኬድም። ቃሉ ራሱ ጫፍ ደርሷል። «ኮምፕሊትሊ ሶክድ» ወይም «ሶክድ ቱ ዘ ስኪን» በል፤ እስከ ቆዳዬ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ዌት፣ ዳምፕ፣ ሞይስት። ሁሉም «እርጥብ» አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ መዝገበ ቃላት እንደዚያ ይላል፤ ብዙ ተማሪም የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። የውሃውን መጠን ብቻ ይለካል። መጠኑ ልዩነት አለው፣ አዎ። ዌት ካልሲ ስትጨምቁት ውሃ ይወጣዋል፤ ዳምፕ ካልሲ ግን በደንብ ሳይደርቅ ከገመድ የወረደ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን «እርጥበቱ ተፈልጎ ነው ወይስ ሳይፈለግ?» የሚለው ነው። ኬኩ ሞይስት ነው ከተባለ ጋጋሪዋ ተመሰገነች። ዳምፕ ከተባለ ዝናብ ላይ ተረስቶ ያደረ ይመስላል። ሞይስት የሚለው ቃል ድምፁ የሚያስጠላቸው ተናጋሪዎችም አሉ። ስለ ሰው ገላ ስታወሩ ብትተዉት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ሬስቶራንት ውስጥ ነው የምሠራው። ደንበኛ «ፍራይሱ ሶጊ ነው» ብሎ መለሰብኝ። ቀዝቅዟል ማለቱ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ረጥቦ ተልፈስፍሷል ማለቱ ነው። ሶጊ ሁልጊዜ ቅሬታ አለበት። ወተት ውስጥ የቆየ ኮርንፍሌክስ፣ ቲማቲም ያራሰው ሳንድዊች፣ እነዚህ ሶጊ ናቸው። እዚህ ላይ ግን እኛና እነሱ እንለያያለን። ወጥ የጠጣው፣ ከሥር የተነጠፈው እንጀራ ለእኛ የምንሻማበት ነው። «ሶጊ እንጀራ» ብለሽ ካቀረብሽለት ፈረንጁ አይነካውም። «ሶክድ ኢን ሶስ» በይው። እንጀራው ያው ነው፤ አሁን ግን ይበላል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። የነሐሴውን አየር ሂዩሚድ ልበለው?

መልስ፦ ልክ ነሽ፤ ግን ሂዩሚድ የአየር ትንበያ ቃል ነው። የእኛን «ወበቅ» የሚያህለው ሙጊ ነው። ነፋስ የለም፣ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል። ለጋምቤላም ይሆናል። ሙጊ ያለ ሙቀት የለም። ብርድ ያለበት፣ ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት ምድር ቤት ከሆነ ዳንክ ነው። ወጣቶች ዳንክን «ምርጥ» ለማለትም ይጠቀሙበታልና ግራ እንዳትጋቢ። ክላሚ ደግሞ ቪዛ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያልበው መዳፍ ነው። ቀዝቃዛ፣ የሚያጣብቅ።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው። የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ጠቁሯል። ለአከራዬ «ዌት ዎል» ብዬ ጻፍኩ፤ ዝም አለኝ።

መልስ፦ ዌት ሲባል ውሃ ፈሶበት ነው፣ ይደርቃል ብሎ ያልፈዋል። እንግሊዝ አገር ዳምፕ ቅጽል ብቻ ሳይሆን ስምም ነው፤ ቤት ውስጥ የሚገባ የታወቀ ችግር ስም። «ዘር ኢዝ ዳምፕ ኤንድ ሞልድ ኢን ዘ ቤድሩም» ብለህ ጻፍ። ሞልድ ሻጋታው ነው። ይህ አባባል ቀላል እንዳይመስልህ። በ2020 እ.ኤ.አ. ሮችዴል ከተማ አዋብ ኢሻክ የተባለ የ2 ዓመት ሕፃን ቤታቸው ውስጥ በነበረው ሻጋታ ምክንያት ሞተ። በ2023 የወጣው የማኅበራዊ ቤቶች (በዝቅተኛ ኪራይ በማዘጋጃ ቤት ወይም በማኅበራት የሚከራዩ ቤቶች) ሕግ «የአዋብ ሕግ» የሚባል ክፍል ገባበት። የማኅበራዊ ቤት አከራዮች እንዲህ ያለውን አደጋ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያስተካክሉ ያስገድዳል። ቀን ጻፍበት፣ ፎቶም አያይዝ።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌ ክረምት ላይ ውሃ ስለሚተኛበት ጥቁር አፈር ነው። ማዲ ወይስ ስዋምፒ?

መልስ፦ ሁለቱም አይደሉም። ወተርሎግድ ነው። ማዲ ጭቃ ነው፣ ስዋምፒ ረግረግ። ውሃ ቋጥሮ ሥር የሚያፍን ማሳ ወተርሎግድ ይባላል። ዝናብ የኳስ ሜዳ አጥለቅልቆ ጨዋታ ሲሰረዝም ይህንኑ ቃል ትሰማለህ።

ጥያቄ፦ ካፊያና ጤዛስ?

መልስ፦ የሚያካፋ ቀን ድሪዝሊ፣ ጤዛ ያለበት ሣር ዴዊ።

ጥያቄ፦ እንግሊዛዊት ባልደረባዬ «ዩ አር ሶ ዌት» አለችኝ። ልብሴ ግን ደረቅ ነበር።

መልስ፦ ልፍስፍስ፣ ወኔ የለህም ብላሃለች። እነሱ ዘንድ እንደዚያም ይባላል። የምሯን ይሁን ስትቀልድ፣ ፊቷን ያየኸው አንተ ነህ።