በሩ ስለ ተከፈተ ምሪት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ሥራ ለመቀየር አስቤ ለብዙ ሳምንታት ጸለይኩ፤ ያመለከትኩበት መሥሪያ ቤትም ካሰብኩት በላይ በፍጥነት ስለ ተቀበለኝ የእግዚአብሔር ምሪት ነው ብዬ ገባሁ። እናቴ «ትንሽ ቆዪ፣ እንመካከርበት» ብትለኝም አልሰማኋትም፤ ከዚያ ወዲህ በቅጡ ተነጋግረን አናውቅም። አሁን ግን ሥራው ከብዶኛል፣ ባልደረቦቼም ፊት ነሥተውኛል። እግዚአብሔር ያላለኝን እንዳለኝ ቈጥሬ ይሆን? ልልቀቅ ወይስ ልቆይ? ወደፊትስ ፈቃዱን ለማወቅ ምን ዓይነት ምልክት ልለምን?

መልስ፦ የተወደድሽ እኅቴ፣ ጸልዪ ብዬ አልመክርሽም፤ ጸልየሻልና። ላነሣው የምፈልገው ከጥያቄሽ ሥር ያለውንና ምክር ፍለጋ ከሚመጡ ምእመናን ደጋግሜ የሰማሁትን አንድ አስተሳሰብ ነው፤ ይኸውም ነገሩ ሲሳካ «እግዚአብሔር መርቶኛል»፣ ሲከብድ ደግሞ «ከፈቃዱ ወጥቻለሁ» ማለት ነው።

እስኪ ዮናስን ተመልከቺ። ወደ ነነዌ ሂድ የተባለው ሰው ወደ ተርሴስ ሊኮበልል ወደ ኢዮጴ በወረደ ጊዜ፣ ወደዚያው የምትሄድ መርከብ አገኘ፤ ዋጋዋን ከፍሎም ገባ። መርከብ አጣ፣ ገንዘብ ጎደለው፣ ቦታ ተከለከለ የሚል ነገር አናነብም። ከዚያም ወደ መርከቡ ውስጠኛ ክፍል ወርዶ ከባድ እንቅልፍ ተኛ። በሩ ተከፍቶለታል፣ ዐርፎም ተኝቷል፤ ይሁን እንጂ ከእግዚአብሔር ፊት እየሸሸ ነበር። ስለዚህ «ውስጤ ሰላም ስላገኘ ነው» የሚለው ማስረጃ እንኳ ብቻውን አይበቃም። ይህን የምለው ጌታ የሚሰጠውን ሰላም ለማቃለል አይደለም፤ የዮናስን እንቅልፍ ሰላም ብለው የጠሩ ብዙ ወዳጆቼ ኋላ ሲያለቅሱ ስላየሁ ነው።

በአንጻሩ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን አንብቢ። ቅዱስ ጳውሎስ በእስያ ቃሉን እንዳይናገር ተከለከለ፣ ወደ ቢታንያም ሊሄድ ሲሞክር አልተፈቀደለትም፤ በጢሮአዳ ሳለ ግን «ወደ መቄዶንያ ተሻገርና እርዳን» የሚል ሰው በራእይ ታየው። ከዚህ የጠራ ምሪት ከወዴት ይገኛል? በመቄዶንያዋ ከተማ በፊልጵስዩስ ግን እርሱና ሲላስ ልብሳቸው ተገፎ በበትር ተደበደቡ፣ በውስጠኛው ወኅኒም እግራቸው በግንድ ተጠረቀ። በመንፈቀ ሌሊት የተሰማው ግን «ራእዩን ተሳስተን ይሆን?» የሚል ክርክር ሳይሆን ጸሎትና ምስጋና ነበር፤ የወኅኒው ጠባቂም በዚያው ሌሊት ከቤተ ሰቡ ጋር ተጠመቀ።

እንግዲህ መከራ ሁሉ የትክክለኛ መንገድ ምልክት ነው ብለሽ ደግሞ እንዳትደመድሚ፤ እየሸሸ ሳለ በባሕር ላይ የተነሣው ማዕበል ዮናስንም አግኝቶታልና። ከሥራሽ ክብደት ብቻ ተነሥቼ ቆዪ ወይም ልቀቂ ልልሽ የማልችለውም ለዚህ ነው።

ስለ ምልክቱ ባጭሩ ልመልስልሽ። ብዙ ሰዎች የጌዴዎንን የበግ ጠጉር፣ ማለትም እግዚአብሔር በእጁ እስራኤልን እንደሚያድን ለማረጋገጥ ጠል በጠጉሩ ላይ ብቻ እንዲወርድ፣ ቀጥሎም ምድሩ ረጥቦ ጠጉሩ ብቻ ደረቅ እንዲሆን የለመነበትን ምልክት፣ እንደ ሥርዓት ይይዙታል። ነገር ግን ጌዴዎን ጠጉሩን በአውድማ ላይ ሲያኖር ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ ተነግሮት ነበር፤ ራሱም «እንደ ተናገርህ» እያለ ለመነ፣ በሁለተኛውም ጊዜ ቍጣህ አይንደድብኝ እያለ በፍርሃት ጠየቀ። እግዚአብሔር ድካሙን ታገሠለት፤ እኛ ግን የታገሠለትን ድካም ልማድ ልናደርገው አይገባም።

መዝሙረኛው ቃሉን «ለእግሬ መብራት» ብሎ ይጠራዋል። የዘመኑ መብራት ዘይት የሚጨመርበት ትንሽ የሸክላ ዕቃ ነበር፤ በጨለማ የያዘው ሰው የመንገዱን መጨረሻ አያይም፣ የሚቀጥለውን እርምጃ የሚያሳርፍበትን መሬት ግን ያያል። አብርሃምም ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ወጣ። አንቺ የለመንሽው እስከ መንገዱ ዳር የሚያሳይ ብርሃን ነው፤ የተሰጠሽ ደግሞ እርምጃሽን የሚያሳይ ነው። በኦሪት ዘዳግም 29፥29 ምሥጢሩ ለእግዚአብሔር፣ የተገለጠው ግን ለእኛና ለልጆቻችን እንደ ሆነ ተጽፏል። ሥራ መልቀቅም መቆየትም በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ በሁለቱም መንገድ እርሱን ማገልገል ትችያለሽ።

እዚህ ላይ ግን ጠንከር ብዬ እንድናገር ፍቀጂልኝ። በጥያቄሽ መካከል እናትሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰሽ አልፈሻታል። ስለ ሥራሽ የተጻፈ ጥቅስ በመጽሐፍ ቅዱስ አታገኚም፤ «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ግን ራእይና ምልክት የማይሻ፣ ለአንቺም የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ማክበር ማለት ምክሯን ሁሉ መቀበል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም «እንመካከር» ያለችሽን እናት ሳትሰሚ መሄድሽና እስከ ዛሬ ዝም ማለትሽ አክብሮት አይደለም። ያልተገለጠውን ለማወቅ ስትደክሚ፣ የተገለጠው ሳይፈጸም በእጅሽ ቆይቷል። ይህን የምለው ልፈርድብሽ ብዬ አይደለም፤ አንዲቱን ዓረፍተ ነገር የጻፍሽው ልብሽ ስለሚያውቃት ይመስለኛል።

ስለዚህ የመልቀቂያ ደብዳቤም ሳትጽፊ፣ ሌላ ምልክትም ሳትለምኚ፣ በዚህ ሳምንት ወደ እናትሽ ሂጂ። ሥራው ስለ ከበደሽ እንደ መጣሽ አድርገሽ አትጀምሪ፤ አስቀድመሽ ይቅርታ ጠይቂያት። ከዚያም የቀረውን ሁሉ ንገሪያትና፣ ያን ጊዜ ልትነግርሽ የነበረውን ምክር ዛሬ እስከ መጨረሻው አድምጫት።