ፉርጎ ወይስ ሰረገላ?

ጥያቄ፦ ለኮምፒዩተር ጌም ከድሬዳዋ አዲስ አበባ የሚጓዝ ልብ ወለድ የመንገደኞች ባቡር እየሠራሁ ነው። ከሎኮሞቲቩ ኋላ 1 የሻንጣ፣ 8 የመቀመጫ፣ 1 የምግብና 3 የመኝታ አሉት። ሁሉንም ፉርጎ ልበላቸው ወይስ ሰረገላ? ሲቆጠሩስ «13 ፉርጎ» ነው ወይስ «13 ፉርጎዎች»?

መልስ፦ ከአሥራ ሦስቱ ፉርጎ የሚባለው አንዱ ነው፤ የሻንጣው። ቃሉ የፈረንሳይኛው «ፉርጎን» ነው፤ መጨረሻው በአፍንጫ ስለሚነገር ጆሯችን «ን»ን አልያዘውም። ፈረንሳዮች በዚህ ስም የሚጠሩት ዕቃና ሻንጣ የሚጫንበትን ነው፤ ሰው የሚቀመጥበት «ቯቲዩር» ነው። ለዚህኛው እኛ ከግእዝ የወረስነው ሰረገላ አለን። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢሳይያስን ያነብ የነበረው በሰረገላ ተቀምጦ ነው፤ ሰው ተሳፍሮ ረጅም መንገድ የሚሄድበት ነገር ከዚህ የተሻለ ስም አያገኝም።

«ሰረገላ ፈረስ የሚስበው ነው፣ ለባቡር አይሆንም» የሚሉ አሉ። አልቀበለውም። የሚስበው ሲለወጥ ስሙም ይለወጥ ከተባለ «ባቡር»ም መቅረት አለበት። ባቡር በዓረብኛ በኩል የመጣ የጣሊያንኛ «ቫፖሬ» ነው፤ እንፋሎት ማለት ነው። መርከቡም ወፍጮውም ባቡር ሲባል ስለኖረ ነው የሐዲዱን ለመለየት «ምድር ባቡር» ያልነው። ዛሬ በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሄደውንም ባቡር ከማለት የተቆጠበ የለም።

እርግጥ የድሬ ሰው መንገደኛ የተሳፈረበትንም ፉርጎ ይለዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ስለዚህ ትኬት ቆራጩና ተሳፋሪው ሲነጋገሩ «ስንተኛው ፉርጎ ነው?» ይበሉ። በጌሙ ምናሌ ላይ ግን «የመኝታ ሰረገላ»፣ «የምግብ ሰረገላ»፣ «የሻንጣ ፉርጎ» ብለው ይጻፉልኝ።

ልዩነቱ ለአሰላለፉም ይጠቅማል። ፉርጎው ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ይግባ፤ ሰው ስለሌለበት ጩኸቱንም ግጭቱንም ይከላከላል። የምግቡ በመቀመጫዎቹና በመኝታዎቹ መካከል ይሁን፤ አለዚያ ምግብ ፈላጊው ሁሉ በተኙት መካከል ያልፋል። እያንዳንዱን 25 ሜትር ቢያደርጉት 13ቱ 325 ሜትር ይሆናሉ፤ 20 ሜትር ሎኮሞቲቭ ሲጨመር 345። የጣቢያው መሳፈሪያ ከዚህ ካጠረ የኋላው መኝታ በር ሜዳ ላይ ይከፈታል።

ቁጥር ከቀደመ ነጠላው ይበቃል፦ «13 ሰረገላ»። ያለ ቁጥር ሲሆን ፕሮግራሙ ዝም ብሎ «ኦች» እንዲቀጥል አያድርጉ፤ «ባቡርኦች» ይወጣል። የመጨረሻው ፊደል ሳድስ ከሆነ ወደ ሳብዕ ተለውጦ «ች» ይከተለዋል፦ ባቡር፣ ባቡሮች። በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት፣ ሳብዑ ከሳድሱ ቀጥሎ ያለው ኮድ ስለሆነ አንድ መደመር ነው። «ባቡሩ» ለማለት ደግሞ ከሳድሱ አራት ይቀነሳል፤ ካዕብ ይገኛል። በአናባቢ የሚያልቀው «ዎች» ይወስዳል፦ ፉርጎዎች። ሰረገላ ሁለቱንም ይቀበላል፤ እኔ ከ«ሰረገላዎች» ይልቅ «ሰረገሎች» ይጥመኛል፤ በዚህ ሕግ ስለማይያዝ ግን ቃሉን በእጅ ያስገቡት።

ሐዲድ በሐመሩ ሐ ይጻፍ፤ ዓረብኛው «ሐዲድ» ብረት ነውና። መፈለጊያው ግን «ሀዲድ» እና «ሃዲድ» ብሎ የጻፈውንም ያግኝለት። የሐዲዱን ስፋት ሲመርጡ የድሮው መስመር 1,000 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ 1,435 ነው፤ ለአንዱ የተሠራ ሰረገላ በሌላው ላይ አይቆምም። መድረሻውን «ለገሃር ጣቢያ» አይበሉት፤ የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ራሱ ጣቢያ ማለት ነው፤ «ለገሃር» ይበቃል።