ቤቱን ከመሸጣችሁ በፊት፦ ስለ ፕሮቶን ጨረርና ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ጥያቄና መልስ

ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ገብቼ ነበር። ሥራዬ ውጭ አገር የጨረር ሕክምና ማሽን ላይ ነው። የእድራችን ሰብሳቢ «ልጃችን ከመጣ አይቀር ስለዚህ ስለ ፕሮስቴት ይጠየቅ» አሉ። ፕሮስቴት ከፊኛ ሥር ያለ የወንዶች እጢ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ድንኳኑ ሞላ። የደፈረ ተነስቶ ጠየቀ፣ ያልደፈረ በወረቀት ጻፈ። ሐኪም አይደለሁም፤ ይህንን ቀድሜ ተናግሬያለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ ፕሮስቴት ካንሰር ነው ተባለ። ህንድ አገር ፕሮቶን የሚባል ጨረር አለ አሉን። ባሕር ዳር ያለችንን ቤት እንሽጥ? (ከቢቸና የመጣ ልጅ)

መልስ፦ አትሽጡ። ቢያንስ ዛሬ አትሽጡ።

ልጁ ከኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ቁጥር ነው፤ ፒኤስኤ 18። ሌላ ምንም የለም። ፒኤስኤ ፕሮስቴት የሚያመነጨው ፕሮቲን ደም ውስጥ ስንት እንደሆነ የሚለካ ምርመራ ነው። ካንሰር ሲኖር ይጨምራል። እጢው በዕድሜ ሲያብጥም ይጨምራል። ኢንፌክሽን ሲኖርም፣ ሽንት ተቋጥሮ ትቦ ሲገባም ይጨምራል። ደሙን መቼ ሰጡ ብዬ ብጠይቀው «ሽንት እምቢ ብሏቸው ትቦ በገባላቸው ማግስት» አለኝ። እንግዲህ ይህ ቁጥር ገና ምንም አልነገረንም።

መጀመሪያ ኢንፌክሽን ካለ ይታከም። ከሳምንታት በኋላ ደሙ ይደገም። ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል በጣቱ ይመርምር፤ አባቶች ይህን እንደ ውርደት ያዩታል፣ ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ካጠራጠረ ከእጢው ናሙና ይወሰዳል። ካንሰር ነው ብሎ የሚፈርደው ናሙናው ነው እንጂ ደሙ አይደለም። ከዚያ ወደ አጥንት ሄዷል አልሄደም የሚለው በምርመራ ይታያል። ስለ ማሽን የሚወራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሰማችሁት ውሸት አይደለም፤ ቼናይ ከተማ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕሮቶን ማዕከል አለ። ግን መንገዱ ከቼናይ አይጀምርም።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ፕሮቶን ምንድን ነው? ከሌላው ጨረር በምን ይለያል?

መልስ፦ ለቡሄ ጅራፍ ያላጮኸ እዚህ የለም። ጅራፉ ሲወነጨፍ መንገዱ ላይ ዝም ነው። ጧ የሚለው ጫፉ ላይ ነው። ፕሮቶንም እንደዚያ ነው። የሃይድሮጂን አቶም እምብርት ነው፤ ማሽኑ ከብርሃን ፍጥነት ከግማሽ በላይ ያስሮጠዋል። ገላ ውስጥ ሲገባ በመንገዱ ጥቂት ጥቂት ጉልበት ይጥላል። ሊቆም ሲል የቀረውን ባንዴ ያራግፍና እዚያው ይቀራል። የተለመደው የኤክስሬይ ጨረር ግን እንደ ወስፌ ነው፤ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሮበርት ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ ፊዚሲስት በ1946 እ.ኤ.አ. ጻፈው። በ1954 አሜሪካ በርክሌይ ላይ የመጀመሪያው ሰው ታከመ። በ1990 ደግሞ ካሊፎርኒያ ሎማ ሊንዳ ያለው ሆስፒታል የራሱን ማሽን ተከለ።

ፊት የተቀመጡ አንድ አባት «ታዲያ ጅራፉ ስንት ጊዜ ይጮሃል?» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ጥያቄው ግን ትክክል ነው። ድሮ ለፕሮስቴት ጨረር 40 ቀን ገደማ መመላለስ ነበር። አሁን በተለመደው ጨረር 20 ጊዜ ይበቃል፤ ለተመረጡ ሰዎች 5 ጊዜም ይሆናል።

ጥያቄ፦ እንደ ነገርከን ከሆነ ፕሮቶን ይበልጣላ!

መልስ፦ ወረቀት ላይ አዎ። ሰው ላይ ሲመዘን ግን ለፕሮስቴት ብልጫው አልታየም። አሜሪካ ውስጥ 450 ወንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አከሙ፤ ግማሹን በፕሮቶን፣ ግማሹን በዘመናዊው ኤክስሬይ። ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ወጣ። አንጀት ላይ በሚደርሰው ጉዳት፣ በሽንትም፣ ካንሰሩን በመቆጣጠርም ሁለቱ እኩል ወጡ። ሁለቱም ጥሩ ነበሩ።

ለምን? ፕሮስቴት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ፊኛ ሲሞላ ይገፋል፣ አንጀት ሲነፋ ይገፋል። ፕሮቶኑ ደግሞ በጎን፣ በዳሌ አጥንት በኩል ነው የሚገባው። ጫፉ የት እንደሚቆም በሚሊሜትር መማል አይቻልም። ስለዚህ ዳር ዳሩን ሰፋ አድርገው ነው የሚመቱት። የተለመደው ጨረርም የድሮው አይደለም፤ ከብዙ አቅጣጫ እየዞረ የእጢውን ቅርጽ ተከትሎ ይመታል። እኔ በየቀኑ የምሠራው በእሱ ነው፣ አላፍርበትም።

ፕሮቶን ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ያለበት ሕፃን፣ ዓይን ውስጥ ያለ ካንሰር። ቤት ሽጡ የምል ቢሆን ለእነዚህ ነበር።

ጥያቄ (በወረቀት፣ ስም የለውም)፦ ወንድነቴስ?

መልስ፦ ጨረር ባንዴ አይወስደውም። በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ሊያደክመው ይችላል፤ መድኃኒት የሚረዳቸው ብዙ ናቸው። ፍላጎትን ቶሎ የሚያጠፋው አንዳንዴ አብሮ የሚሰጠው የሆርሞን መርፌ ነው፤ የወንድ ሆርሞንን የሚዘጋ ነው። መርፌው ሲቆም አብዛኛው ሰው ላይ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ፕሮቶን ይህንን ያስቀራል የሚል ካለ አስረዳ በሉት። ከባለቤትዎ ጋር ከሕክምናው በፊት ተነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ የወንድሜ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል አሉን። ፕሮቶን ያወጣዋል?

መልስ፦ አያወጣውም፣ እትዬ። ፕሮቶን አንድ ቦታ ለተቀመጠ ነገር ነው። ለተሰራጨው ዋናው ሕክምና ሆርሞኑን መዝጋት ነው፤ በመርፌ ወይም የዘር ፍሬውን በቀላል ቀዶ ጥገና በማውጣት። ይህ ዓመታት ይሰጣል። አጥንቱ ከጠዘጠዘው አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ የተለመደ ጨረር ብዙ ሰው ያሳርፋል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ እግሩ ከዛለ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ይውሰዱት። አከርካሪው ተጭኖ ሊሆን ይችላል። የእኔ አጎት አንድ ክሊኒክ ለሁለት ዓመት «የወገብ ብርድ ነው» እያለ ሲያመላልሰው ቆይቶ ነው የታወቀለት።

ጥያቄ፦ ጠበል ላይ ነኝ። መድኃኒቱን ላቁም?

መልስ፦ አያቁሙ። ጠበሉንም መርፌውንም ይያዙ። ትቦ ካለ ንጽሕናው ይጠበቅ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው መታከም አለበት?

መልስ፦ የለበትም። እንግሊዝ አገር ከ1,600 በላይ ወንዶች ለክትትል፣ ለቀዶ ጥገናና ለጨረር ተከፍለው 15 ዓመት ታዩ። በሽታው ያልተሰራጨባቸው ናቸው። በካንሰሩ የሞተው በሦስቱም ወገን ከመቶ 3 ገደማ ነው። የተኛውን ካንሰር አለመቀስቀስም ሕክምና ነው። ክትትል ማለት ግን ቀጠሮ ማክበር ነው፤ ረስቶ እርሻ ላይ መቅረት አይደለም።

ጥያቄ፦ አገራችን ውስጥ የት ነው ጨረር ያለው?

መልስ፦ ፕሮቶን የለም። የተለመደው አለ። ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ አሁን ጅማን የመሰሉ ሌሎችም ተጨምረዋል። ወረፋው ረጅም ነው። ሐኪሙ ተገቢ ነው ካለ እስኪደርስ ድረስ የሆርሞን መርፌ ይጀመራል። ከዚህ ተነስቶ ዓባይን ለሚሻገር ሰው 40 ቀንና 20 ቀን አንድ አይደለም፤ «በ20 ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጨረር ላይ ያለ ሰው ምን ይብላ?

መልስ፦ እንደ ልማዱ ይብላ። ሽሮና ባቄላ ግን ይቀንስ። እየቀለድኩ አይደለም። አንጀት ውስጥ ጋዝ ካለ ፕሮስቴቱን ከቦታው ይገፋዋል፤ እኛ በስክሪን እናየዋለን። ሰውዬውን አስነስተን «ትንሽ ተመላለስና ተመለስ» የምንልበት ቀን አለ። ለፕሮቶን ደግሞ ይብሳል፤ ጋዙ ጨረሩ የሚቆምበትን ቦታ ያዛባል። ይህን ስል አንዲት እናት ከኋላ «በሁዳዴ ሽሮ ትተን ምን ልንበላ ነው!» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ድንች አልኩ።