ምግብ ይፈጫል ወይስ ይልማል?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ከተማ የሳይንስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በፈተና ወረቀታቸው ላይ «የምግብ ልማት ከአፍ ይጀምራል» እያሉ ይጽፋሉ። እኔ «ልማት» የሚለውን ሰርዤ «መፈጨት» ብዬ አርምላቸዋለሁ፤ ባልደረባዬ ደግሞ መፈጨት የእህል ነው፣ የምግቡ «ልመት» ይባላል ብሎ ይከራከረኛል። ማንኛችን ልክ ነን? «ጉሮሮ» ስንልስ የትኛውን አካል ማለታችን ነው?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ ተማሪዎችዎ መሳሳታቸውን ሁለታችሁም ስለምትስማሙበት እሱን በአጭሩ ላስቀድም። ለማ፣ ይለማል፣ ልማት የሚባለው ለማሳ፣ ለከተማ ወይም ለአገር ነው። ላመ፣ ይልማል፣ ልመት ግን እንደ ጣመ፣ ይጥማል የሚረባ ሌላ ግሥ ነው፤ «የላመ የጣመ» በምንለው ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስለዚህ ምግብ ይልማል እንጂ አይለማም።

በእርስዎና በባልደረባዎ መካከል ያለው ክርክር ግን በቀላሉ ለአንዱ የሚፈረድ አይደለም፤ ሁለቱም ቃላት ከወፍጮ ቤት የመጡ ናቸውና። እህል የያዘ ሰው ወፍጮ ቤት ሲደርስ ሽርክት እንደሚፈልግ ወይም ዱቄቱ እንዲልምለት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይናገራል፤ ሁለቱም የተፈጨ ነው፣ የላመው ግን አንዱ ብቻ ነው። መፈጨት ሥራውን ይነግረናል፤ መላም የሥራውን ውጤት ይነግረናል። በሰውነታችን ውስጥም ምግብ በጥርስና በጡንቻ የሚደቅበት አንድ ሥራ፣ በኢንዛይም (የምግብን መፈታት በሚያፋጥን የሰውነት ንጥረ ነገር) እና በአሲድ ወደ ጥቃቅን ቅንጣቶች የሚፈታበት ሌላ ሥራ ስላለ፣ ሁለቱን ቃላት ከመጣል ይልቅ ተከፋፍለው እንዲሠሩ ማድረግ የተሻለ ይመስለኛል።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት፣ በጣና ዳር በእንጀራ ተጠቅልላ የምትቀርብ አንዲት የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ጉርሻን እንከተል። አማርኛችን በአፍ ደጃፍ ላይ እጅግ ሀብታም ነው፤ ሰው ይጎርሳል፣ ይገምጣል፣ ያኝካል፣ ያላምጣል። ለእኔ ጆሮ ማኘክ የጥርስን ሥራ ብቻ ሲያመለክት፣ ማላመጥ ምላስ ጉርሻውን ከመንጋጋ ወደ መንጋጋ እያገላበጠ ከምራቅ ጋር ማዋሐዱንም ይጨምራል። ይህ ሁሉ መፈጨት ነው። ነገር ግን ምራቅ ማርጠቢያ ብቻ አይደለም፤ አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም በውስጡ ስላለ የእንጀራውን ስታርች ገና በአፍ ውስጥ ወደ ስኳርነት መለወጥ ይጀምራል። ተማሪዎችዎ አንድ ቁራሽ ዳቦ ሳይውጡ ለጥቂት ጊዜ ቢያላምጡ እየጣፈጠ መምጣቱን ራሳቸው ያረጋግጣሉ፤ እዚህ ላይ ልመት ተጀምሯል። (ጤናማ አዋቂ በቀን ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ገደማ ምራቅ ያመነጫል፤ አብዛኛውንም መልሶ ይውጠዋል። «ምራቁን የዋጠ ሰው» የሚለው ምስጋና በሳይንሱ ከተለካ ለሁላችንም ይገባል።)

ጉሮሮ ሰፊ ቃል ነው። በዕለት ንግግር ከአፍ ጀርባ ያለውን የምግብና የአየር የጋራ መተላለፊያም፣ ከእሱ በታች ያለውን መውረጃም ያጠቃልላል፤ ለክፍል ትምህርት ግን ይህ ያደናግራል። ስለዚህ የላይኛውን ጉሮሮ፣ በአዋቂ ሰው ወደ 25 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመውንና ከዚያ እስከ ጨጓራ የሚዘልቀውን ደግሞ የምግብ ቧንቧ ቢሉት ይለያል። በምንውጥበት ጊዜ ከምላስ ሥር ያለች ትንሽ ክዳን የአየር ቧንቧውን ትሸፍናለች፤ ብዙዎች ይህችን እንጥል ይሏታል፣ እንጥል ግን ከላንቃ ጫፍ የምትንጠለጠለው ናት። ክዳኗ ሳትደርስ ቀርታ ጠብታ ወይም ፍርፋሪ ወደ አየር ቧንቧ ሲያልፍ «ትን አለኝ» እንላለን። የዓሣው አጥንት መንገድ ላይ ተወግቶ ሲቀር ግን «ተሰነቀረብኝ» እንጂ «ትን አለኝ» አንልም፤ ሕዝቡ ሳይንስ ሳይማር የለየውን በመጽሐፍ ማደባለቅ አይገባም። «ምግቡ ወረደ» ማለትም ያስኬዳል፤ ይሁንና ጉርሻው የሚሄደው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን የቧንቧው ጡንቻዎች ከበስተኋላው እየጨበጡ ወደፊት ስለሚገፉት ነው፤ ሰው ተዘቅዝቆ ቢውጥም ከጨጓራው ይደርሳል።

ጨጓራ ውስጥ ሁለቱ ሥራዎች ይደባለቃሉ። ሦስት ድርብ የሆነው ጡንቻው ምግቡን ያሻል፣ ያማስላል፤ ይህም መፈጨት ነው። ግድግዳው የሚያመነጨው ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ፔፕሲን የተባለው ኢንዛይም ደግሞ የዓሣውን ፕሮቲን መፍታት ይጀምራሉ፤ ይህ ልመት ነው። የእንጀራው ስታርች ግን እዚህ ይቆያል፤ የምራቁን ኢንዛይም አሲዱ ስለሚያዳክመው ልመቱ የሚቀጥለው ትንሹ አንጀት ሲደርስ ነው። ምግቡ ወፈር ያለ ፈሳሽ ሆኖ ከጨጓራ ተጠቃልሎ ለመውጣት በአብዛኛው ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ቅባት የበዛበት የበለጠ ይዘገያል። ስለዚህ «ምግብ በጨጓራ ተፈጭቶ ያልቃል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በቃሉም በሐሳቡም ይታረም።

ከዚህ በታች ሲኮን የቃል ሀብታችን ይሳሳል፤ ሁሉንም «ሆድ» እንለዋለን፣ ጽንስ እንኳ «በሆዷ ያለ» ነው። ስለዚህ በትምህርት ጽሑፍ ላይ ሆድን ለጨጓራ ምትክ ማድረግ አይመከርም። ጨጓራም ራሱ የበሽታ ስም እየሆነ መጥቷል፤ «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው የጨጓራ ሕመም ወይም ቁስለት አለብኝ ማለቱ ነው። በሰፈር ንግግር አልከለክለውም፤ በመማሪያ ገጽ ላይ ግን ቢሟላ እመርጣለሁ።

ስለዚህ አጠቃላይ ሂደቱን ሲሰይሙ «የምግብ ልመት» ይበሉ፤ ጥርስና ጡንቻ የሚሠሩትን ሲገልጹ «መፈጨት»ን ይጠቀሙ። «ምግቡ አልተፈጨልኝም» የሚል ሕመምተኛ ግን አይታረም፤ በዕለት ንግግር ቃሉ ሂደቱን ሁሉ ይዞ ከቆየ ሰንብቷል። «የምግብ ልማት ከአፍ ይጀምራል» ብሎ የጻፈውም ተማሪ ሳይንሱን አውቆታልና የሳይንሱን ነጥብ ይስጡትና ፊደሏን ብቻ በቀይ ያርሙለት።