ሞርፊን በሰዓቱ ይሰጥ

ጥያቄ፦ የእናቴ ካንሰር ወደ አጥንት ተሰራጭቶ ሐኪም የሚጠጣ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ አዘዘላቸው። እህቶቼ ግን ሱስ እንዳይሆንባቸው ፈርተው የሚሰጧቸው ሕመሙ ሲያስጮኻቸው ብቻ ነው። ልክ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፤ እናትዎ በከንቱ እየተሰቃዩ ነው። የሚጠጣ ሞርፊን ኃይሉ ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ ያልቃል። ሕመሙ እስኪመለስ ከጠበቃችሁ፣ መድኃኒቱ ሥራ እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ያን ሁሉ ጊዜ እሳቸው ይጮኻሉ። በሰዓቱ ስጧቸው። በመሃል ሕመሙ ካገረሸ ሐኪሙ ለዚሁ ያዘዘውን ተጨማሪ መጠን ሰጥታችሁ ሰዓቱን መዝግቡ፤ ቀጣዩን መደበኛ መጠን ግን አትዝለሉ። በማንኪያ ሳይሆን ሚሊ ሊትር በተሰመረበት ሲሪንጅ ለኩ። የመድኃኒቱ ጥንካሬ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ፣ አዲስ በመጣ ቁጥር በ1 ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንዳለው አንብቡ።

መድኃኒቱ የሚያመጣው እንቅልፍና ማቅለሽለሽ በጥቂት ቀናት ይቀንሳል። የሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም፤ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ያስፈልጋል። አልነቃ ካሉ፣ ትንፋሻቸው በጣም ከዘገየ ወይም ሽንታቸው ቀንሶ ጡንቻቸው ድንገት መፈራገጥ ከጀመረ ወዲያውኑ ሐኪም ጥሩ፤ ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል።

ሱሱ? ለካንሰር ሕመም በትእዛዝ ሲወሰድ እምብዛም አያጋጥምም። ሰውነት ግን ስለሚለምደው በድንገት አታቋርጡት።